ራቁቱን የቀረ ዘፈን

ሟቹ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። አናቱ ደቅቋል፤ ደሙ ምንጣፉን አርሶ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። የገደለው ነገር እዚያው አጠገቡ ነው፤ የማይክራፎን ማቆሚያ መቀመጫ፣ እንደ ድስት ክዳን ክብ የሆነ ድፍን ብረት፣ ከዘንጉ ተፈትቶ፣ ፀጉርና ቆዳ ተጣብቆበት። የሟቹ ጣቶች ሁለቱም እጆቹ ላይ ተሰባብረዋል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንዳደረገ ነው።

«ጆሮውን ደፍኖ ሲዘፍን ከኋላ መጥተው ጨረሱት» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ።

መርማሪዋ ወደ አስከሬኑ አለፈች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን ታስቀራለች ለማለት ነው። ተንበርክካ የማዳመጫውን ቅስት በጓንቷ ጣት ቀና አደረገችው። ከሥሩ አጥንቱ ተፈርክሷል። ቅስቱ ግን ጭረት እንኳ የለበትም፤ ላዩንም የደም ጠብታ አልነካውም።

ሟቹ የአንድ የሮክ ባንድ መሪና ድምፃዊ ነበር። ምላሱም ውሳኔውም ስለታም ስለነበር «ምላጭ» ይሉት ነበር። ቤቱ የእናቱ ነው። አራተኛ አልበማቸውን እዚህ ለመቅዳት የሳሎኑን መስኮት በፍራሽ ደፍነው፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነውታል። በሩ ከተዘጋ እዚያ ውስጥ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮህ ማንም አይሰማውም።

አስከሬኑን ያገኘችው ድምፅ ቀጂዋ ናት። ገመድ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ነው ያየችው፤ ባለሱቁም ይህንኑ አረጋግጧል። ጩኸቷን ሰምቶ የሮጠው የሰፈሩ ፖሊስ በሩን ዘግቶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ከመርማሪዋ በቀር ወደ ውስጥ የዘለቀ የለም።

«አልበሙ ምን ዓይነት ነበር?» አለች ወንፊት።

«ራቁቱን የቀረ» አለች ልጅቷ። «የድሮዎቹ አልበሞች ጆሮ ያደነቁራሉ፤ ምን እንደሚል እንኳ አይሰማም። በዚህኛው ግን ሁሉንም አወለቀ። መጀመሪያ ኪቦርዱን፣ ቀጥሎ ጊታሩን፣ ዛሬ ጠዋት ድራሙን። የሱ ድምፅና የታላቅ ወንድሙ የጋሼ ቤዝ ጊታር ብቻ ቀሩ። ዛሬ ሊዘፍነው የነበረው የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ ቤዝም የለበትም፤ ድምፁ ብቻ ነው።»

«ለድምፅ ብቻ ማዳመጫ ምን ይሠራለታል?»

ልጅቷ ወደ ሳሎኑ በር ዞረች። «ምንም። የሚያዳምጠው ነገር የለማ!»

«ዘፈኑ ስለምንድን ነው?»

«እኔ የማውቀው የመጨረሻውን ስንኝ ብቻ ነው። ትናንት እሱን ብቻ ቀዳን። የቀረውን ‹ቤተሰቤ ባለበት ነው የምዘፍነው› አለኝ።»

ወንፊት ስንኙን ደጋግማ ሰማችው። «ለማንም እንዳታሰሚ» ብላት ወጣች።

ድራመሩ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ግዙፍ ነው፤ ስሙም እንደ መልኩ «መዶሻ»። ቀኝ እጁ አብጦ ጣቶቹ ተድበልብለዋል።

«እኔ ነኝ ገዳዩ ብላችሁ ጨርሳችኋል፣ አይደል?» አለ።

«ገና እስክሪብቶዬን አላወጣሁም። ጠዋት ‹እገድልሃለሁ› ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ! ይህን ሁሉ ዘመን ላቤን ጠብ ሳደርግ ኖሬ ‹ያላንተ ያምራል› ሲለኝ ምን ልበል? ልመርቀው? በሩን በቡጢ አልኩት። በሩ ከኔ ባሰ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንደ ወንድሜ ነበር፣ እኔን አፈር ይብላኝ።»

ወንፊት እስክሪብቶዋን ቀኝ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ጨብጠው።»

ሞከረ። አቃስቶ ጣለው።

እናትየው ወጥ ቤት ውስጥ ክብደታቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ቆመዋል። አላለቀሱም።

«እግዜር ያጥናዎት እማማ። ባለቤትዎ በሕይወት አሉ?»

«ድሮ ነው የሞተው። ከዚህ ደረጃ ወድቆ።»

«ያን ጊዜ ቤት ማን ነበር?»

«እኔ ውጭ ነበርኩ። ትልቁ ልጄ ፎቅ ላይ፤ ትንሹ እዚህ ታች ተኝቶ፤ እግሩ በጄሶ ታስሮ።»

«ምን ሆኖ?»

ሴትዮዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍራቸው ፋቁ። «አባታቸው ሲመታ እጁን አያውቀውም ነበር» አሉ።

በመስኮቱ በኩል የጓሮው የልብስ ገመድ ይታያል። አንድ ሸሚዝ ብቻ ተሰጥቶበታል፤ ዝናቡ ይወርድበታል።

«ያ ሸሚዝ የማን ነው?»

«የሟቹ ልጄ። ጠዋት አጥቤው ረስቼው ነው።»

ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም ነበር። ወንፊት ወደ ጓሮ ወጣች፤ የሸሚዙን ትከሻዎች በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገቻቸው። የግራው ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። የቀኙ ደህና ነው።

ጋሼን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ለወንድሙ የአባት ያህል ነበር፤ ወንድሙ «ጋሼ» ሲለው ባንዱም ተከትሎ ጋሼ አለው።

«ፎቅ ላይ ተኝቼ ነበር» አለ። «የነቃሁት በልጅቷ ጩኸት ነው።»

«ከወንድምህ ጋር ቅያሜ ነበራችሁ?»

«ሁሉን አባሮ ያስቀረው እኔን ብቻ! ምን ያቀያይመናል? ማዳመጫ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚዘፍንን ሰው ከኋላ መምታት… የፈሪ ሥራ ነው።»

«አስከሬኑን አየኸው?»

«አልደፈርኩም። ሳሎኑን ዛሬ አልረገጥኩም።»

ወንፊት አመስግናው ተነሣች።

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ቤቱ ውስጥ የነበሩትን አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ምንጣፉ ላይ ያለው ደም ገና አልደረቀም፤ ሁሉም እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ፖሊሱ በሩን ዘጋው።

«ከማዳመጫው ልጀምር» አለች። «ሟቹ አድርጎት ቢሆን ኖሮ አናቱን የሰበረው ብረት ቅስቱንም ይሰብረው ነበር። ቅስቱ ግን ደህና ነው። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ነው የተደረገለት። ለምን? ጆሮው ተደፍኖ ሳለ ከኋላ ተመታ እንድንል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጣቶቹ የተሰበሩት ራሱን ሊከላከል እጁን ሲያነሣ ነው። ገዳዩን ዓይን ለዓይን አይቶታል።»

መዶሻ ጥርሱን ነከሰ።

«ብረቱ እጀታ የለውም፤ በሁለት እጅ ካልታቀፈ አይነሣም። መዶሻ በዚያ እጁ እስክሪብቶ እንኳ መጨበጥ አልቻለም። ቀጂዋ ሱቅ ነበረች። እሷ ብትሆን ደግሞ ያልታጀበ ዘፈን ለሚዘፍን ሰው ማዳመጫ አታደርግለትም ነበር። እማማ ያን ብረት ከወገባቸው በላይ አያነሡትም። አንድ ሰው ቀረ።»

«እኔን ነው?» ጋሼ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ተኝቼ ነበር አልኩሽ እኮ!»

«ሳሎኑን አልረገጥኩም አልከኝ። ታዲያ ማንም ያልነገረህን ማዳመጫ የት አየኸው?»

ወንፊት ወደ ጓሮው ጠቆመች።

«በዝናብ የተሰጣውስ ሸሚዝ? ጠዋት ታጥቦ ተረስቶ አይደለም፤ ደሙ ሳይደርቅ መታጠብ ስለነበረበት ነው በዝናብ የተሰጣው። የሟቹም አይደለም። የግራ ትከሻው በጊታር ማንገቻ ተበልቷል። ሟቹ ጊታር አንግቦ አያውቅም፤ ድራመርም ማንገቻ የለውም። በዚህ ቤት ግራ ትከሻው ላይ ቤዝ ጊታር ሲያነግብ የኖረው አንተ ነህ።»

እናትየው «ተይ!» አሉ። «ተይ ልጄ! አንዱ ሄዷል፤ የቀረኝን ተዪልኝ!»

ያን ጊዜ ጋሼ ተስፈንጥሮ ተነሣ። የማይክራፎኑን ዘንግ አንሥቶ ፖሊሱን ፊቱ ላይ አለው፤ የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ዘንጉን ዳግም ወደ ወንፊት ሲያነሣ መዶሻ በትከሻው ገጭቶ ከግድግዳው አላተመው። ወድቀው ተናነቁ። ጋሼ የመዶሻን የተሰበሩ ጣቶች ይዞ ሲጠመዝዝ ሰውዬው እንደ በሬ አጓራ፤ ግን አለቀቀውም። ፖሊሱ ደሙ በአገጩ እየወረደ ደርሶ በካቴና አሰረው።

ጋሼ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ይተነፍሳል። «‹ፊት ለፊቴ ቁጭ በል ጋሼ፣ ላንተ ነው› አለኝ» አለ። «ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጀመረ።

‹አባቴን የጣለው ደረጃው አይደለም፣
እጅ ነው የጣለው፣ ይስማኝ ይሄ ዓለም።›

አዎ፣ የኔ እጅ ነው! አባታችን የወንድሜን እግር ሰብሮ፣ ሌላውን ልስበር ብሎ ሲወርድ ነው የገፋሁት። ለሱ ብዬ! ‹አቁም› አልኩት፤ ‹ጨርሰህ ስማ› አለኝ። ምኑን ልስማ? ለዓለም ሊያወጣኝ? ልጄን የነፍሰ ገዳይ ልጅ ሊያሰኛት? ብረቱን መቼ እንደፈታሁት አላውቅም።»

«ጨርሰህ ስማ ብሎህ ነበር» አለች ወንፊት ዝግ ብላ። ድምፅ ቀጂዋን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

የሟቹ ድምፅ ያለ ምንም አጃቢ ሳሎኑን ሞላው፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።

«ወንድሜን ተዉልኝ፣ እሱ ምን አጠፋ፣
ያ እጅ የኔ ነበር፣ አባቴን የገፋ።»

«እግሩ በጄሶ ታስሮ ከአልጋ የማይነሣ ልጅ ፎቅ ወጥቶ ሰው አይገፋም» አለች ወንፊት። «ዘፈኑ ውሸት ነው። በዓለም ፊት ሊሸከምልህ ነበር።»

ጋሼ በሆዱ ተገለበጠ። ግንባሩን ከወለሉ ጋር አጋጨው፤ ደጋግሞ፣ ሁለት ሰው ይዞ እስኪያስቆመው ድረስ።

እናትየው ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ሊያቅፉት መስሏቸው መንገድ ለቀቁላቸው። በጥፊ መቱት፤ ደግመው መቱት። «ለእኔ ‹ወንድሜ ከዳን› ብለኸኝ ነው እኮ ሸሚዝህን ያጠብኩት!» እጃቸው ሲዝል ደረቱ ላይ ተደፍተው ያን ጊዜ ብቻ አለቀሱ።

ጋሼን ሲያወጡት መንገደኛው ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር። እናትየው በሩ ላይ የወንፊትን እጅ ያዙ።

«እኔንስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?»

ወንፊት እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። «መጀመሪያ ልጅዎን ይቅበሩ» አለቻቸው።

«የትኛውን?» አሉ እናትየው።