ማር ላይ የተነሰነሰ ካፕሱል

ልጅን የሚጠብቁት ከማን ነው? ከውጭ ሰው ነው ወይስ ከገዛ ቤት? ማይሙና ይህን ራሷን ደጋግማ ትጠይቃለች። የልጇ የሙሰዲቅ ሚስት ሐምዲያ፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት መስተዋቷ ፊት ወድቃ ሞታለች። ፖሊስ ደግሞ ዓይኑን የጣለው እናቷ ከሞተች ጀምሮ ማይሙና ባሳደገቻት የሴት ልጇ ልጅ፣ በሙንተሃ ላይ ነው። ወይ ጣጣ!

ሙንተሃ ሄሮን ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ቆዳን ከእርጅና ይጠብቃል የሚባለውን የአንቲኦክሲደንት ብልቃጥ ለሐምዲያ ያመጣችው እሷ ናት። ላቦራቶሪ ሲመረምረው ከካፕሱሎቹ ሦስቱ ውስጥ ማይሙና በየቀኑ የምትውጠው ዓይነት የተፈጨ የልብ መድኃኒት ተገኘ። ሐምዲያን የገደላትም ያው ነው።

ኢንስፔክተር አቡዘር ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ወዳለው የሙሰዲቅ ቤት ሲመጣ አልቸኮለም። የዚህ አገር ሰው ቢሆንም፣ እናቱ የድሬዳዋ ሰው ስለሆነች አማርኛው ጥርት ያለ ነው።

«ፊቷ ወደ ወጣትነቱ ይመለስ ነበር በዚህ?» አለ ሙንተሃን፣ ብልቃጡን እያሳየ።

«እኔማ፣ ‹አክስቴ፣ ፀሐዩን ሽሺ፤ ይሄ ብቻውን መጨማደድ አያጠፋም› ብያት ነበር። ‹አንቺ ገና ሕፃን፣ ስለ እርጅና ምን ታውቂያለሽ!› ብላ ሳቀችብኝ» አለች ሙንተሃ።

ሙሰዲቅ ግን ቃሉ አጭር ነው። «እኔው ፊት ሁለት ካፕሱል በውሃ ዋጠች። ወዲያው ወደቀች። ያመጣችላት ልጅ ትጠየቅ።»

ማይሙና ወደ ልጇ ዞረች። የገዛ እህቱን ልጅ!

ምግብ አብሳይዋ ሻሼ ስትጠየቅ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ያን ጠዋት ኮምጣጣውን የሁመር ፍሬ ጨምቄላት ነበር። ጋሼ ሙሰዲቅ ከእጄ ተቀብለው እሳቸው አደረሱላት። ብርጭቆውንም ራሳቸው አጠቡት። ጌታዬ፣ ጋሼና ብርጭቆ ማጠብ! ዝናብ የሚመጣ መስሎኝ ሰማይ አየሁ።»

አቡዘር ከመስተዋቱ ሥር ትንሽ ሳህን አነሳ። የማር ማንኪያና ሁለት ባዶ የካፕሱል ቅርፊቶች አሉበት።

«እማማ፣ ይህ ምንድነው?»

«ቅርፊቱን አትውጥም ነበር» አለች ማይሙና። «ከምን እንስሳ እንደሚሠራ አይታወቅም፣ አሳማ ቢኖርበትስ ብላ። ከፍታ ዱቄቱን ማር ላይ ትነሰንሳለች።»

«ባሏ ያውቃል?»

«እሱ? ከነፃ የንግድ ቀጠና መጋዘኑ መች ወጥቶ! የሚስቱን ፊት ካየ ቆይቷል።»

«የእርስዎ የልብ መድኃኒት ሙሉ ነው?»

ማይሙና ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ሙሉ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። አቡዘር ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አቶ ሙሰዲቅ፣ ‹በውሃ ዋጠች› ብለዋል። ሐምዲያ ካፕሱል ውጣ አታውቅም። የዚያ ጠዋት ቅርፊቶች እነዚህ ናቸው፤ ውስጣቸው የቀረው የቆዳ መድኃኒቱ ብርቱካንማ ዱቄት ብቻ ነው። ስለዚህ መርዙ በካፕሱል አልመጣም፤ ምሬቱን ኮምጣጣ ሁመር ሸፈነው። የተበከሉት ሦስቱ፣ እሷ ከወደቀች በኋላ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ብልቃጡ ውስጥ የተጨመሩ ናቸው። ብልቃጡን ያመጣችው ሙንተሃ እንድትታሰር።»

«ለምን ብዬ?» አለ ሙሰዲቅ፤ ድምፁ ቀጠነ።

«ድሬዳዋ የታጨችልዎት ልጅ አለች። ሐምዲያ ‹ሱቁም መጋዘኑም የአባቴ ነው፤ ሌላ ካገባህ ባዶ እጅህን ትወጣለህ› ስትልዎት ሻሼ ሰምታለች። ‹አረጀሽ› ያሏትም እርስዎ ነዎት። ምስኪን፣ ካፕሱሉን የጀመረችው ለእርስዎ ብላ ነው።» ወደ ማይሙና ዞረ። «መድኃኒቱን የወሰደው ከእናቱ ቦርሳ ነው። እማማ፣ ቦርሳዎን ፈትሸን የመድኃኒት ብልቃጥዎን አይተናል፤ ቅዳሜ የተገዛ ነው፤ ዛሬ ግን ግማሽ እንኳ የለውም። መጉደሉን ያውቁ ነበር።»

ማይሙና አንገቷን ደፋች። «አውቅ ነበር። ግን... በየቀኑ መድኃኒቴን የምትሰጠኝ ሙንተሃ ናት። መጉደሉ ቢታወቅ የሚጠየቀው ማን ነው ብዬ ደበቅኩ...»

ፖሊሶቹ ሙሰዲቅን ይዘውት ወጡ። እናቱን ቀና ብሎ አላያትም።

ሙንተሃ ወደ አያቷ ዞረች።

«ላንቺ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለች ማይሙና። «ጠርጥሬሽ እንዳይመስልሽ... በአላህ፣ አንድ ነገር በይኝ።»

ሙንተሃ ተነሳች። እንደ ወትሮዋ ከአያቷ የልብ መድኃኒት ብልቃጥ አንዲት ፍሬ አውጥታ በአያቷ መዳፍ ላይ አኖረች። ውሃ ቀዳችላት፤ እስክትውጥም ጠበቀች።

ከዚያ ሻሿን ከመስቀያው አንስታ በሩን ከፍታ ወጣች።