በዱዓ የተያዘ ቃል

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ የአምባሰል ማሽላ ገና ሳይታጨድ ጦርነቱ ውጫሌ ደረሰ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ወረቀት ይዞ ኬላ ማለፍም ጣጣ ያመጣ ነበርና፣ የቤተ ዘመድ መልእክት እንደ ጥንቱ በሰው አፍ ይሄድ ጀመር። ከመልእክተኞቹ አንዷ በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘይቱና ነበሩ፤ እግራቸው ብርቱ ነው፤ የልጅነታቸውንም አይረሱም፤ አሁን የነገሯቸውን ግን አፍታ ሳይቆይ ይጥሉታል።

ጎረቤታቸው የሺሀረግ ሐይቅ ከተማ ላለው ልጇ ለፈንታሁን ቃል ልትልክ መጣች። ልጁ እናቴን ላውጣ ብሎ በአስፋልቱ መምጣቱ አይቀርም፤ በዚያ ከመጣ ደግሞ መትረፉን እንጃ።

«አስፋልቱን እንዳይረግጥ፤ አርዲቦ መንደር፣ አክስቱ ዘንድ ይቆይ፤ እኔ ገጠር ወዳጃችን ሀምዱ ቤት ተጠግቼ ደህና ነኝ በሉልኝ» አለች።

ወዲያው ስለ በርበሬ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ጨዋታ አመጣች፤ ያኔ መልእክተኛ የሚላከው እንዲህ በወሬ ተፈትኖ ነበር። ጨዋታው ሲደራ ድንገት፣ «እስቲ እትዬ፣ ምን አልኩዎ?» አለቻቸው።

«አክስትህ ደህና ናት፤ አንተ ሀምዱ ቤት ና...»

«ኧረ በማርያም! ልጄን ሊያስበሉት ነው?»

ዘይቱና በሐፍረት ተሸማቀቁ፤ እንዳይቀሩ ሌላ የሚሄድ ሰው የለም። እጃቸውን ዘረጉ፤ በዱዓ ላይ የተነሣ የሰው ጉዳይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠፍቶባቸው አያውቅማ!

«ያ ረቢ፣ ፈንታሁንን ከአስፋልቱ ጠብቀው!»

«አሜን!» አለች የሺሀረግ፤ ክርስቲያን ብትሆንም የወሎ ሰው ናት።

«አርዲቦ አክስቱ ዘንድ አቆይልን! እናቱን በሀምዱ ቤት በደህና ያዝልን!»

እንደገና በጨዋታ ፈተነቻቸው፤ ዱዓው ንቅንቅ አላለም።

ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ፣ «ምን ታነበንቢያለሽ?» ቢላቸው፣ «ዱዓ ነው ልጄ፤ አንተም አሚን በል» አሉት፤ አሚን ብሎ አሳለፋቸው። ሐይቅ ሲደርሱ ፈንታሁን ለመንገድ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ሰላምታም ሳይሰጡት እጃቸውን ዘረጉ። ሰማቸውና ወደ አርዲቦ ዞረ።

ዛሬ ስልኩ ይሠራል። ታሪክ ጸሐፊዎች የትኛው ከተማ መቼ እንደ ተያዘ ጽፈዋል፤ በእግር የተጓዘውን ቃል ግን የጻፈው የለም፤ ዘይቱናም ራሳቸው ረስተውታል። በቅርቡ ፈንታሁን ልጁን አቅፎ ሊጠይቃቸው ቢሄድ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ሊሰናበት ሲነሣ እንደ ልማዳቸው ሊመርቁት እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ፈንታሁንን ከአስፋልቱ ጠብቀው...»

ፈንታሁን እንባውን እየጠረገ፣ «አሜን» አለ።