ወለላ ድሬዳዋን የቀሰቀሰች ዕለት

ብዋሽ ዕድሜዬ ይጠር። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

ወለላ የምትባል ልጅ ነበረች። የመጣችው ከደብረ ብርሃን ነው።

ደብረ ብርሃን ትበርዳለች። እንዴት ትበርዳለች መሰላችሁ፣ ብርዱ ራሱ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጋቢ ደርቦ ነው።

የወለላ እናት ድሬዳዋ ሥራ አገኘች። ፍራሽ፣ ድስት፣ ባልዲና ወለላ አንድ ላይ መኪና ላይ ተጫኑና መጡ።

ድሬዳዋ ደግሞ ትሞቃለች። እንዴት ትሞቃለች መሰላችሁ፣ ጥላ እንኳ ሙቀቱን ሸሽታ ዛፍ ሥር ትደበቃለች።

ወለላ አዲሱን ቤት ወደደችው። አዲሱን መንገድም ወደደችው። የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ ጓደኛ።

ሰኞ ማክሰኞ ብቻውን የሚጫወት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወለላ ስታሸንፍ እንኳ «አሸነፍኩሽ» የምትላት ልጅ የለችም።

«እማዬ፣ ጓደኛ ፈልጌ ልምጣ?» አለች፣ ምሳ እንደተበላ።

«በዚህ ፀሐይ?» አለች እናቷ።

«እኛ አገር እኮ ልጆች የሚወጡት ፀሐይ ስትበረታ ነው።»

እውነቷን ነው። «በይ እንዳትርቂ» አለች እናቷ። ለእሷም ከተማው አዲስ ነው።

ወለላ ወጣች። መንገዱ ጭር ብሏል። ልጅ የለም። ውሻ አይጮህም። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ሰማያዊውን በር አንኳኳች። ኳ! ኳ! ኳ! «ሰው አለ?»

ከውስጥ የመጣው መልስ ይህ ብቻ ነበር፤ ኽርርርር… ፉው!

አረንጓዴውን በር አንኳኳች። ኳ! ኳ! ኳ! «ሰው አለ?»

ኽርርርር… ፉው!

ጥጉ ላይ ባጃጅ ቆሟል። ሹፌሩ ሙክታር ውስጡ ተጋድሟል፤ እግሩ በአንድ በኩል፣ ጭንቅላቱ በሌላ በኩል ወጥቷል።

ወለላ የባጃጁን ጎን መታ መታ አደረገች። ኳ! ኳ! ኳ! «ጋሼ፣ ሰው አለ?»

ኽርርርር… ፉው!

ወለላ ደነገጠች። እነሱ አገር በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ የታመመ ሰው ብቻ ነው።

«ከተማው በሙሉ ታሟል» አለች። «ደህና የቀረሁት እኔ ነኝ። በቃ፣ እኔ ላድናቸው ነው።»

ቤት ሮጣ ባልዲና ጭልፋ ይዛ ተመለሰች። ከዚያማ ምኑ ይነገራል።

ኳ! ኳ! ኳ! «ተነሱ፣ ታማችኋል!» ኳ! ኳ! ኳ! «ተነሱ፣ ታማችኋል!»

የባልዲው ድምፅ ሰፈሩን ዞረ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ባቡር ጣቢያ ደረሰ። ባቡሩ መሄጃው የደረሰ መስሎት ጡሩምባውን ነፋ፤ ጡዋጥ! ጂቡቲ ያሉ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ፤ ኩኩሉ!

በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ፀጉሩ የቆመ ወጣ። ፊቱ ላይ የትራስ መስመር የታተመበት ወጣ። ሽርጡን እያሰረ የሮጠም ወጣ።

«ማን ሞተ?» አሉ አዴ ሩቅያ። የሰፈሩ ትልቅ እናት ናቸው።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አለች ወለላ። «ግን ሁላችሁም ታማችኋል። በቀን ተኝታችኋል።»



«አቦ፣ ይቺ ልጅ ከየት ነው የመጣችው?» አለ ሙክታር፣ ዓይኑን እያሸ። «ስሚኝ የኔ እህት፣ በዚህ ሰዓት ድሬ ትተኛለች። የምንወጣው ፀሐይ ስትበርድ ነው።»

ከሰዉ መሐል የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ብቅ አለች። ኢፍቱ ትባላለች።

«ሐኪም መጣችልን» አለች ኢፍቱ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እየሳቀም ተመልሶ ተኛ።

ወለላ ቤቷ ገብታ እናቷ እቅፍ ውስጥ ተሸጎጠች። «አሁን ማን ከእኔ ጋር ይጫወታል?»

«እኔስ መች አወቅኩ» አለች እናቷ፣ ፀጉሯን እየዳበሰች። «አብረን እንለምደዋለን።»

ቆይቶ ፀሐይ በረደች። ሰፈሩ አፉን ከፍቶ አዛጋና ተነሳ።

ባጃጁ ጢጥ! ጢጥ! ኳሱ ጠብ! ጠብ! ልጆች ከየበሩ ፈሰሱ፤ ከሰማይ ኮከብ ይበዛሉ።

ወለላ የበሩን እጀታ ያዘች። ለቀቀች። ያዘች። ለቀቀች። ከዚያ ከፈተችው።

«ሐኪሟ መጣች፣ ሐኪሟ መጣች» አሉ ልጆቹ።

ኢፍቱ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። «ዋይ ዋይ፣ ዶክተር፣ ልሞት ነው፣ አድኚኝ።»

 የወለላ እንባ መጣ፣ ዓይኗ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ግን አገጯን ቀና አደረገች፤ ቀጥ ብላ ኢፍቱ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ምላስሽን አውጪ» አለቻት።

ኢፍቱ ሳታስበው አወጣች። ወለላ በቀኝ በኩል አየች፤ በግራ በኩል አየች፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ከባድ ነው» አለች። «ከደብረ ብርሃን ልጅ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ያልተጫወተ ሰው የሚይዘው በሽታ ነው።»

«መድኃኒቱስ?» አለች ኢፍቱ፣ ምላሷ እንደወጣ።

«አሁኑኑ መጫወት።»

ኢፍቱ ሳቀች፤ በዚያ ጥርሷ በወለቀበት በኩል ሳቁ ፈሰሰ። «አቦ፣ ትመቺኛለሽ» አለቻት።

«እኔንም እዪኝ!» «እኔንም!» ልጆቹ ሁሉ ምላሳቸውን አውጥተው ተሰለፉ። ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደረሰ።

መሬቱ ላይ ሳጥኖቹ ተሠመሩ። ሁሉም ተጫወቱ፤ የወለላም ተራ ደረሰ።

ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጥ ያደገ የደጋ እግር ነው። በአንድ እግሯ ሆፕ አለች፤ የባጃጁን ጣራ አለፈች፤ የመብራቱን ምሰሶ አለፈች።

እዚያ ላይ ሆና በአንድ ዓይኗ የጂቡቲን ባሕር፣ በሌላው ዓይኗ የደብረ ብርሃንን ጉም አየች።

ከዚያ ወርዳ ሳጥኑ መሐል አረፈች። ጠብ! መስመር አልነካችም።

በሰኞ ማክሰኞ ያሸነፈ ቤት ይይዛል። «ቤት ያዘች፣ ወለላ ቤት ያዘች!» አለች ኢፍቱ።

ሙክታር ጡሩምባውን ነፋ፤ ጢጥ! ጢጥ! አዴ ሩቅያ እልል አሉ። የወለላ እናት ከበሩ ሆና አጨበጨበች።

በማግስቱ ምሳ ተበላ፤ ፀሐይም በረታች። ኢፍቱ ትራሷን ታቅፋ መጣች። በር ማንኳኳት የለ፣ ገፋ አድርጋ ገባች።

ሁለቱ ልጆች በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ።

«እንቅልፌ አልመጣም» አለች ወለላ። «ቀን ነው እኮ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚና ዝም በይ» አለች ኢፍቱ። «ማታ ብዙ ጨዋታ አለብን።»

ወለላ ጨፈነች።

ኽርርርር… ፉው! አለች ኢፍቱ። ኽርርርር… ፉው! አለች ወለላ። ኽርርርር… ፉው! አለች የአዴ ሩቅያ ፍየል።

እሺ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ፍየሏ አላንኮራፋችም፤ የኢፍቱን ትራስ እየበላች ነበር።