ከግድቡ ሥር የደፈረሰው ውሃ

የመሐንዲሱ አስከሬን ማለዳ ከሐይቁ ዳር ተገኘ። የአፈሩ ግድብ ካረጀ ቆይቷል፤ መንደሩ በሙሉ ግን ከሥሩ ሰፍሮ በውሃው ይኖራል። አስከሬኑን ያወጡት ሰዎች አዳልጦት ነው ተባባሉ።

ከወረዳ ፖሊስ የመጣችው መርማሪ ተንበርክካ የሟቹን አፍ ከፈተች። ጥርሱና ምላሱ በቀይ ጭቃ ተለውሰዋል። ቀና ብላ ሐይቁን አየች፤ ውሃው የታችኛው ጠጠር እስኪታይ ድረስ ጠርቷል።

የሟቹ ሚስት ባሏ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ እንደሰነበተ፣ ውሃው ካልተለቀቀ አልቀናል ይላት እንደነበር ተናገረች። የውሃ መልቀቂያው ሠራተኛ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከወንድሙ ጋር መጣላቱን አልሸሸገም።

«ልቀቀው ሲለኝ ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አልነካም አልኩት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

የውሃ ማኅበሩን ሊቀመንበር ያገኘችው ቤቱ ነው። ውሃ በበጋ አያልቅባችሁም ብሎ ቃል ገብቶ የተመረጠ ሰው ነው። ሰሞኑን ግድቡ ዘንድ እንዳልደረሰ፣ የሚያሰጋ ነገር ቢኖር ኖሮ እሱም ከሥሩ እንደማያድር አስረዳት። ቤተሰቡ ትናንት ለሠርግ መሄዱን ሲነግራት ዓይኗ ክፍሎቹን ቃኘ። አልጋዎቹ ፍራሽ የላቸውም። የዶሮዎቹም ቤት ባዶ ነው።

ከዚያ ወደ ግድቡ ግርጌ ወረደች። የእጅ ጋሪ ጎማ ዱካ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሐይቁ ይወጣል። ዱካው ከሚጀምርበት አዲስ የተቆረጠ ቅጠል ተከምሯል፤ ስትገልጠው ቀይ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ወዲያው አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ሕዝቡን ወደ ኮረብታው እንዲያወጡ አዘዘች፤ የሟቹን ሚስት፣ ወንድሙንና ሊቀመንበሩን ግን ከአንድ ፖሊስ ጋር መልቀቂያው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው የመልቀቂያውን መክፈቻ መዘውር ሲታገል እሷ ተናገረች።

«አገሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ሐይቁም የጠራ ነው። ቀይ ጭቃ ያለው የግድቡ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ሟቹ የሰጠመው ግርጌው ላይ በሚፈልቀው ውሃ ውስጥ ነው። ገዳዩ አስከሬኑን በእጅ ጋሪ ገፍቶ ሐይቁ ውስጥ ጣለው፤ ግድቡ ከውስጥ እየተሸረሸረ መሆኑን እንዳናይም በቅጠል ሸፈነው።»

«ማነው እሱ?» አለች ሚስትየው።

«አንቺም ወንድሙም ልጆቻችሁን ትናንት እዚሁ አስተኝታችኋል። እርስዎ ግን ሊቀመንበር፣ ለሕዝቡ አትስጉ እያሉ የራስዎን አሸሹ። ለሠርግ የሚሄድ ሰው ፍራሽና ዶሮ አይጭንም።»

ፖሊሱ ካቴና አጠለቀለት። መሐንዲሱ ሌሊት ከግርጌው ተነስቶ ውሃውን ሊለቅ ሲሮጥ ይዞ እንደጣለው፣ ዝም እስኪል ድረስ ፊቱን ውሃው ውስጥ ተጭኖ እንደያዘው ሊቀመንበሩ አመነ። ውሃው ከሄደ የገበሬው ችግኝ ይደርቃል ብዬ ነው አለ። ሚስትየው ሌላውን ሰው ለምን እንዳላስጠነቀቀ ጠየቀችው።

መዘውሩ ዝጎ ስለነበር ወንድምየው ብቻውን አልቻለውም። ከእግራቸው ሥር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መርማሪዋ የሊቀመንበሩን እጅ ፈታች። ወንድምየው አንድ አፍታ አየውና ቦታ ለቀቀለት። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ገፉ፤ ሚስትየውም በሌላው በኩል ያዘች። ብረቱ ሲጢጥ ብሎ ዞረ፤ ውሃው በቦዩ እያገሳ ወጣ።

ሲመሽ የግድቡ አናት ሰርጉዷል፤ ግን አልተናደም። ሊቀመንበሩን ሲወስዱት ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። የሰደበውም የመታውም የለም፤ ሁሉም ልጁን ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን ግድቡ ላይ ተክሎ ነበር።