ወደ ግራ የሚያየው ቄሳር

ጋሼ ገብረ ኪዳን ካይሮ፣ ዛማሌክ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ሥር ወድቀው ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ጭንቅላታቸውን ፈንክቶታል። ያገኘቻቸው ሠራተኛቸው ውብአለም ነበረች፤ ከሷ ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው ስለሌለ የግብፁ ፖሊስ መኮንን ገፍታ ጥላቸዋለች ብሎ ሊወስዳት በር ላይ ቆሟል። ከተወሰደች ከአገር መባረሯ አይቀርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ውብአለም ግን የምታድርበት ጊዜ አልነበራትም።

ስለዚህ ከፍያለችን ጠራቻት። ከፍያለች አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ከተሰደደች ወዲህ ሟቹ እንደ ልጃቸው ያዩዋት ነበር። ሬሳውን ገልጣ ስታይ ግን ምንም አልተሰማትም። እንባው ቢመጣ ደስ ባላት፣ አልመጣም።

ጠረጴዛው ላይ ጋሼ ስንት ወር የየትኛው ንጉሥ መሆኑን ሲፈልጉ የከረሙት የነሐስ ሳንቲም አለ፤ መልኩ ተፍቆ አረንጓዴ ዝርግ ሆኗል። አጠገቡ ሰም የረጋበት ሳህን ተቀምጧል።

«ይሄ ሰም ከየት መጣ?»

«ትናንት ከሰዓት ከአባሲያ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዤላቸው መጣሁ፣ እትዬ። ‹አቅልጬ ሳንቲሙን ልጫንበት፣ መልኩ ይወጣ እንደሆን› አሉኝ። እኔ ወዲያው ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

ከፍያለች ሳህኑን በመሀረቧ ሸፈነችው። ከዚያ መርዶውን የሰሙ ሁለት የጋሼ ወዳጆች ገቡ፤ ሳንቲሙን የሸጠላቸው ጎረቤታቸው ሶፎንያስና የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ሚልኪያስ።

«እኔ ስሸጥላቸው ምንም አይታይበትም ነበር» አለ ሶፎንያስ። «‹ማሌሽ፣ አይድከሙበት፣ ዝም ብሎ ብረት ነው› ብያቸዋለሁ።»

«እርስዎስ፣ አቶ ሚልኪያስ?»

«እዚህ ቤት ከመጣሁ ሳምንት አልፎኛል።»

«ሳንቲሙ የማን ነው ይላሉ?»

«የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ለማኅበሩም ተናግሬያለሁ። ወደ ግራ የዞረ፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ የኛው መልክ።»

ከፍያለች መኮንኑን ጨምራ ሁሉንም ወደ መስኮቱ ጠራች። ሳንቲሙን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ ያዘችው፤ ጭላንጭል መልክ ብቅ አለ።

«ራሱ ላይ የቅጠል አክሊል አስሯል። የሮም ቄሳር ነው። ወዴት ያያል?»

«ወደ ቀኝ» አለ ሶፎንያስ።

መሀረቡን አነሳች። «ሰሙ ላይስ?»

«ወደ ግራ።»

«ማኅተም ይገለብጣል። ወደ ግራ የሚያየው ፊት ያለው እዚህ ሰም ላይ ብቻ ነው፤ ሰሙ ደግሞ የመጣው ትናንት ከሰዓት ነው። ዛሬ እናንተ ሳትገቡ ሸፍኜዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል፤ ጋሼም ለወዳጅ በር ይከፍታሉ። አቶ ሚልኪያስ፣ ትናንት ማታ እዚህ ነበሩ።»

ሚልኪያስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሑድ ‹የሮም ነው› ብዬ ለማኅበሩ እናገራለሁ አሉኝ። በሰው ሁሉ ፊት ዋሾ ሊያደርጉኝ። ገፋኋቸው እንጂ ይሞታሉ አላልኩም።»

«እንዲህ ያለው ሳንቲም እኮ በየገበያው ሞልቷል» አለ ሶፎንያስ ቀስ ብሎ።

ከፍያለች ለመኮንኑ በዓረብኛ አስረዳችው። መኮንኑ ሚልኪያስን በክንዱ ይዞ፣ ሳህኑን አንሥቶ፣ ውብአለምን አየት አድርጎ «ኸላስ» አላት።

«አልወስድሽም ማለቱ ነው» አለች ከፍያለች። «ነጻ ነሽ፤ ሂጂ።»

ውብአለም አልሄደችም። ጠረጴዛው ላይ የተንጠባጠበውን ሰም በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ከፍያለችም ከጎኗ ቆማ ትፍቅ ያዘች፤ ሁለቱም አላለቀሱም።