ጓንጉል አልበላም አለ

የታሪክ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር የ«ንጋት» መርከብ ልጆች ሰው ይሠራሉ። ከመሬት ወደ አንዲት የሳተርን ጨረቃ በምትጓዘው በዚህች መርከብ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ልጁ ዘመንና ሥራ ይመርጣል፣ ፊት ይስላል፣ ልብስ ያለብሳል። የቀረውን፣ አረማመዱንም አነጋገሩንም አመሉንም፣ ማኅደር ትሞላለታለች። ማኅደር የሚሏት ከመሬት ሲነሡ የተጫነውን የአያት ቅድመ አያቶች ወግና ድምፅ ሁሉ የያዘችውን ማሽን ነው። እንዲህ ተሠርቶ በየልጁ የስክሪን መስኮት ላይ በሚታይ የጨዋታ ዓለም ውስጥ የሚለቀቀውን ሰው ልጆቹ «ነፍሳይ» ይሉታል። ነፍሳይ አንዴ ከሞተ አይመለስም። ሕጉን ያወጣው መምህራቸው ጋሽ ቢተው ነው፤ በታሪክ ውስጥ የሞተ ሲነሣ አላየሁም ባይ ነው።

የረድኤት ነፍሳይ ጓንጉል ይባላል። ነጋዴ ነው፤ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ ከበረሃው ወደ ደጋ ይወጣል። ረድኤት ብዙ ደክማበታለች፤ የተረከዙን ንቃቃት እንኳ አልረሳችም። በዚያ ቀን ግን እያለቀሰች ወደ ጋሽ ቢተው መጣች።

«ጋሼ፣ ጓንጉል ሊሞትብኝ ነው! ምግብ እያለው አይበላም።»

ጋሽ ቢተው መስኮቷን ጎንበስ ብሎ አየ። ጓንጉል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ብርኩታውን፣ ያንን በጋለ ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ የሚጋገር የመንገደኛ ዳቦ፣ ከስልቻው አወጣና ቆረሰ። ግራ ቀኝ ተመለከተ። አፉን ከፈተና ዘጋ፤ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ቁራሹን መልሶ ጠቅልሎ ተነሣ። ከራሱ በላይ ያለችው የሕይወት መስመር ቀልታ ክር አክላለች።

ጋሽ ቢተው የረሃቡን መጠን ከፍ አደረገው። ጓንጉል መቀነቱን ጠበቅ አድርጎ አሰረ እንጂ አልበላም። ዳቦውን በገንፎ ለወጠለት። ገንፎውንም እንዲሁ ከፍቶ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ መልሶ ከደነው።

«ምን እያለ ነው ግን? አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ የለም።»

ረድኤት አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ምግብ ባወጣ ቁጥር አንድ ቃል ይደጋግማል። የተበላሸ መስሎኝ ቃሉን ዘጋሁበት።»

«ምን የሚል ቃል?»

«እንብላ። ብቻውን ተቀምጦ! ማንን ነው እንብላ የሚለው?»

ጋሽ ቢተው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በመርከቧ ውስጥ መሬትን በዓይናቸው ካዩት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ በልጅነቱ ነው የተሳፈረው። እዚህ ምግብ በየሰዉ ክብደት ተመጥኖ በየክፍሉ ግድግዳ በኩል ይመጣል፤ ሰውም በሩን ዘግቶ ይበላል። ከረድኤት እኩዮች አንዱም የሌላ ሰው ማዕድ አይቶ አያውቅም። ነውር ሆኖ አይደለም፤ አጋጣሚው ስለሌለ ነው።

«አባቴ» አላት፣ «ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲበላ የሚያልፈውን ሁሉ እንብላ ይል ነበር። የተጣላውን ጎረቤቱን ሳይቀር። ሳይጠራ ከጎረሰ አይወርድለትም።»

«መንገድ ላይ ብቻውን ሲሆንስ?»

«ያኔማ ይበላል እንጂ! ሰው አይደለም እንዴ?» አለ። «ግን ብቻዬን በላሁ ብሎ ማን ያወራል? ሰው የሚያወራው ከእገሌ ጋር ስንበላ ብሎ ነው። ማኅደርም የሰማችው ያንኑ ነው።»

ረድኤት እንባዋን ጠረገች። «እና ሰው እንጥራለታ!»

እዚህ ላይ ጋሽ ቢተው አፈረ። የእያንዳንዱን ልጅ ዓለም በግንብ ያጠረው እሱ ራሱ ነበር፤ እንዳይኮራረጁ። የመምህር ነገር፣ ወደ ሳተርን እየተጓዘም ኩረጃ ይፈራል! ግንቡን በሙሉ አፈረሰው። ረድኤትም የዘጋችውን ቃል ከፈተች።

በመንገዱ ላይ አንድ ሰው ብቅ አለ፤ ናኦድ የሚባለው ልጅ የሠራው ሸማኔ ነው። ልጆቹ ሁሉ መስኮቷን ከበቧት። ጓንጉል ከተቀመጠበት መነሣት አቅቶታል። እንደ ምንም ብርኩታውን አወጣና ቀና አለ።

«እንብላ!»

«ብሉ፣ ብሉ። አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» አለ ሸማኔው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ውሸቱን ነው!» ብሎ ጮኸ ናኦድ። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም! ምን ነካው?»

«ይሉኝታ ነው» አለ ጋሽ ቢተው ላብ እያጠመቀው። «ዝም በሉ፣ ገና ነው። በአንድ ጥሪ እሺ አይባልም።»

ሸማኔው ሊያልፍ እግሩን አነሣ። የጓንጉል መስመር ልትጠፋ ደረሰች። ረድኤት የጋሽ ቢተውን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ጓንጉል ቁራሹን ወደ መንገደኛው ዘረጋ።

«በሞቴ!» አለው።

ሸማኔው ቆመ። ነጠላውን ሰብስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ጎረሰ። ጓንጉልም የጎረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍሉ በልጆቹ ጩኸት ተናጋ። ረድኤት ግን አልጮኸችም፤ አገጯን በእጇ ደግፋ ሁለቱ እያወጉ ሲያላምጡ ታያቸው ነበር።

«ሰው ሲበላ እንዲህ ይጫወታል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

የእራት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ቢተው እንደ ወትሮው በሩን ዘግቶ ሳህኑን ከግድግዳው አወጣ። ያው ቂጣ መሰል ነገር ነው። ሊጎርስ ሲል በሩ ተንኳኳ፤ ተነሥቶ ከፈተው። ረድኤት ቆማለች፤ የራሷን ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። ከኋላዋ ናኦድ የእሱን ይዟል።

«ጋሼ፣ እንብላ።»

ይህን ቃል ሰው ለእሱ ካለው ስንት ዘመኑ። መልሱ ግን ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ብሉ ልጆቼ፤ እኔ በልቻለሁ።»

ረድኤት በትከሻው በኩል ያልተነካውን ሳህን አየች። ነገሩን ዛሬ ስለተማረችው አልተታለለችም። ከራሷ ሳህን ቆርሳ ወደ አፉ ዘረጋች።

«በሞቴ።»

ጋሽ ቢተው ጎረሰ፤ አስገብቷቸውም አልጋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ማኅደር እንደ ሁልጊዜው ታዳምጥ ነበር። ብቻውን የበላባቸውን ዓመታት ለማንም አውርቶ ስለማያውቅ፣ እሷ ስለ እሱ ማዕድ የምታውቀው የዛሬውን ብቻ ነው።