የቡራሌ የእርሳስ መስመር

የጊታር ሠሪው የቡራሌ ራስ ቅል በገዛ መዶሻው ተከፍቶ፣ ደሙ ከሥራ ጠረጴዛው ወለሉ ላይ ወርዶ ረግቷል። ገዳዩ አንዴ መምታቱ አልበቃውም፤ ከወደቀም በኋላ ቀጥቅጦታል። በሟቹ እጅ ሥር ግን ተቆርጦ ያለቀ ፕላስቲክ ተቀምጧል፤ የጊታሪስት ጥፍር የጊታሩን ደረት እንዳይጭር ከቀዳዳው አጠገብ የሚለጠፈው መከላከያ ነው።

መርማሪ ዛምዛም ዳሚ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ገዳዩን አግኝቶ፣ ፈርዶ፣ ቅጣቱንም ጀምሯል። የቡራሌ ሠራተኛ ሙአዝ፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሬሳውን አቅፎ ሲጮህ ነው የተያዘው። የቀኝ እጁን ጣቶች በዱላ ሰባብረውታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው፤ ግን ማን ይስማ!

ዛምዛም ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች፤ ሙአዝን በሚቀለው ቋንቋ ጠየቀችው።

«ወላሂ አልገደልኩትም! አባቴን እንዴት እገድላለሁ?»

«አባትህ ነው?»

«ሊሆን ነበር። ልጁን ፊልሳንን ሊድርልኝ፣ ወርክሾፑንም ሊተውልን ቃል ሰጥቶኛል። አሁን እኔን ሊሰቅሉኝ ነው።»

ፊልሳን ዓይኗ አብጧል። «ምሳ ሳመጣለት ፕላስቲኩ ገና ሙሉ ነበር» አለች። «ጀርባው ላይ በእርሳስ እያሰመረ ነበር።»

«ለመቁረጥ ብዙ ይፈጅበታል?»

«አባዬ? ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ቢጀምር መግሪብ ይደርስበታል። በእጅ መጋዝ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ካሂን ገና ሳይጠየቅ ጀመረ። «ከምሳ በኋላ አብሬው ነበርኩ። የዐስር አዛን ሲል ትቼው ወጣሁ። ያኔ ፕላስቲኩን መቁረጥ አልጀመረም። እስከ መግሪብ መስጊድ ነበርኩ፤ ኢማሙን ጠይቂ።»

«ስለ ፕላስቲኩ መች ጠየቅኩህ?»

መከላከያው የሚሠራለት ጊታር ባለቤት ዋይስ በመሃል ገብቶ፣ «እኔ ከዐስር በኋላ መጥቼ በሩን ደበደብኩ» አለ። «መልስም የለ፣ የመጋዝ ድምፅም የለ።»

«አቦ ይዋሻል!» አለ ካሂን።

ዛምዛም ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን፣ የመከላከያውን ቅርጽ የሚያሳየውን የካርቶን ሞዴል አውርዳ አገላብጣ አየችው።

በማግስቱ አራቱንም ያው ደም የሸተተ ወርክሾፕ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙአዝ ካቴና እንዳጠለቀ ነው።

«ዋይስ፣ መከላከያውን ጊታርህ ላይ አስቀምጠው።»

ዋይስ ጥቁሩን ፊት ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ቀዳዳውን ማቀፍ የነበረበት ጎኑ ከቀዳዳው ተቃራኒ ዞረ። ሲገለብጠው ልክ ገጠመ፤ ግን የሚያብረቀርቀው ጥቁር ፊት ወደ ሥር ሆነ፣ ሙጫ የሚቀባው ነጭ ጀርባ ወደ ላይ።

«ወንድሜ ተሳስቷላ!» አለ ካሂን።

«ዕድሜውን ሙሉ ያልተሳሳተ ሰው፣ ሊሞት ሲል? ሙአዝ፣ ቡራሌ እንዴት ነበር የሚያሰምረው?»

«በጀርባው። ፊቱ እንዳይጫር» አለ ሙአዝ። «በጀርባው ሲሆን ግን ሞዴሉን መገልበጥ ግድ ነው። አለዚያ ግራና ቀኙ ይዞራል። መጀመሪያ ያስተማረኝ ይኼንን ነው።»

«ስለዚህ ይኼን የቆረጠው ቡራሌም አይደለም፣ ሙአዝም አይደለም» አለች ዛምዛም። «በጀርባ እንደሚሰመር አይቷል፣ ሞዴሉ እንደሚገለበጥ ግን አላየም። አስቀድሞ ሞዴሉን ከምስማሩ ወስዶ፣ ሌላ ፕላስቲክ ላይ እቤቱ ቆርጦ፣ መልሶ ሰቀለው። ቡራሌን ከዐስር በፊት ገድሎ፣ ያን የተቆረጠውን እጁ ሥር አኖረና ቡራሌ ያሰመረበትን ሙሉውን ይዞ ሄደ። ሟቹ እስከ መግሪብ በሕይወት ኖሮ የሠራ እንዲመስል ነው። ከዐስር እስከ መግሪብ ፊልሳን ብቻዋን ቤት ነበረች፤ ዋይስ በሩ ላይ ነበር፤ ሙአዝ በመግሪብ መጣ። ያ ውሸት ሦስቱንም ይጎዳቸዋል። የሚያድነው መስጊድ የተቀመጠውን ብቻ ነው።»

«ማስረጃሽ የታለ?» አለ ካሂን።

ዛምዛም በጨርቅ የተጠቀለለ ፕላስቲክ ፈታች። ሙሉ ነው፤ ነጩ ጀርባው ላይ የቡራሌ የእርሳስ መስመር በትክክል ተሰምሯል። «ዛሬ ጠዋት ከመኪናህ ወንበር ሥር ወጣ። ለቀስተኛ ስታመላልስ መጣያ ጊዜ አጣህ፣ አይደል?»

ካሂን መሮ አንሥቶ ሙአዝ ላይ ተወረወረ። «የአባቴን ወርክሾፕ ለመጤ!» እያለ። መሮው የሙአዝን ትከሻ ቀደደው፤ ዛምዛም በሽጉጧ እጀታ የካሂንን የእጅ አንጓ መታችው፣ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ፖሊሶቹ ደሙ ላይ አንበርክከው አሰሩት።

«አንድ ወንድሙን!» ብላ ፊልሳን ጮኸች። «አጎቴ፣ አንድ ወንድምህን!»

ዛምዛም የሙአዝን ካቴና ፈታች። ፕላስቲኩን መልሳ ስትጠቀልል የሙአዝ ዓይን ከእርሳሱ መስመር አልነቀል አለ።

«ለዳኛው ያስፈልገኛል» አለችው። «ከፍርዱ በኋላ የእናንተ ነው።»

«ምን ያደርግልኛል?» ሙአዝ አለቀሰ። የተሰባበሩ ጣቶቹን አሳያት። «መጋዝ የምይዝበት እጅ የለኝም።»

ፊልሳን የአባቷን መጋዝ ከወለሉ አነሣች፤ እጀታውንም በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

«እኔ እቆርጠዋለሁ» አለች። «አንተ ንገረኝ።»